እናትሽ የሰሙት ሰብለ፣ አማትሽ ያሉት ሳቤላ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስፔን፣ ጋሊሲያ ክልል፣ ቪጎ ከተማ ነው። ባሌ የዚሁ አገር ልጅ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሴት ናት ብለውኛል። አማቴ ‹ሳቤላ› እንበላት አለች። እሷ ራሷ መታወቂያዋ ላይ ኢሳቤል ነው የሚለው፤ ቤተሰቡ ግን ሳቤላ ነው የሚላት። የራሷን ስም ልትጭንብኝ ነው ብዬ ቅር ቢለኝም፣ ስሙ ጆሮዬ ውስጥ ገባና እሺ አልኩ።

ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት ‹ሰብለ!› ብላ እልል አለች። ‹በኅዳር፣ በአጨዳ የምትመጣ ልጅ ታዲያ ሌላ ምን ትባል!› አለችኝ። ላርማት ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሰው እጅ የልጅ ማቀፊያ ላከችልኝ። ጫፉ ላይ በአረንጓዴና በቢጫ ክር ‹ሰብለ› ተብሎ ተጠልፏል። ባሌ ‹ደስ ካላት ተያት፣ ምን አለበት› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለመሆኑ ሳቤላ ትርጉሙ ምንድን ነው? ኢንተርኔት ላይ ‹ቆንጆ› ማለት ነው የሚል አንብቤያለሁ። እናቴንስ ምን ልበላት?» — ግራ የገባኝ፣ ከቪጎ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ማቀፊያው ላይ ቀረ። እናትሽ አረንጓዴና ቢጫ ክር መርጠው፣ ምናልባት መነጽር አድርገው፣ ሦስት ፊደል እስኪጠልፉ ስንት ማታ እንደተቀመጡ አሰብኩ። እንቅልፍ ያሳጣሽም ይኸው ይመስለኛል።

እንቅልፍ ያሳጣሽን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ንገሪያቸው። ልጅቷ ሳትወለድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይጻፍ፣ አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው። ባለቤትሽ «ተያት» ያለው ከክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን እናትሽ አንድ ቀን ወረቀቱን በሰው ያስነብባሉ። ወይ ልጅቷ ራሷ አድጋ በስልክ «አያቴ፣ ስሜ እኮ ሳቤላ ነው» ትላቸዋለች። ያኔ የሚከፋቸው በስሙ አይደለም። እናንተ ሁላችሁ ስታውቁ እሳቸው ብቻ አለማወቃቸው ነው የሚያማቸው።

ግን ባዶ እጅሽን አትደውዪ። ለእናትሽ የምትነግሪያቸው ነገር ከጠበቅሽው በላይ ደስ የሚል ነው። ሳቤላ ለእሳቸው ባዕድ ስም አይደለም። ሳቤላ ማለት ኤልሳቤጥ ማለት ነው።

አዎ፣ የዘካርያስ ሚስት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ እናት ኤልሳቤጥ። የስሙ ምንጭ ዕብራይስጥ ነው፤ እዚያ «ኤሊሼባ» ይባላል። የመጀመሪያዋ ባለስም የካህኑ የአሮን ሚስት ናት፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 6 ላይ ታገኛታለሽ። «ኤሊ» አምላኬ ማለት ነው። «ሼባ» ደግሞ ከመሐላ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት «አምላኬ መሐላዬ ነው» ብለው ይፈቱታል። «አምላኬ ምላት ነው» የሚሉም አሉ፤ ሁለተኛው ፍቺ የመጣው ያው ቃል ሰባት ቁጥርንም ስለሚነካ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ ነው። በዕብራይስጥ «መማል» እና «ሰባት» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ላይ አብርሃምና አቢሜሌክ በውኃ ጉድጓድ ተጣሉ። አብርሃም ሰባት ቄቦች በጎች ለይቶ አቆመና ተማማሉ። ቦታውም ቤርሳቤህ ተባለ፤ የመሐላው ጉድጓድ፣ ወይም የሰባቱ ጉድጓድ። ዛሬ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ናት። ያ የዕብራይስጡ «ሼባ» ከእኛው «ሰባት» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አሁን ሦስቱን ስሞች ቀስ ብለሽ በይያቸው። ቤር-ሳቤ-ህ። ኤል-ሳቤ-ጥ። ሳቤ-ላ። መሐላው በሦስቱም ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ ኤልሳቤጥ እንዴት ሳቤላ ሆነች? ስሙ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ሲሻገር «ኤሊሳቤት» ሆነ። የእኛ አባቶች ቅዱሱን መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ሲመልሱ መጨረሻውን በ«ጥ» ጻፉት፤ በዚያው ጸና። ወደ ምዕራብ የሄደው በላቲን አልፎ ስፔንና ፖርቱጋል ደረሰ። እዚያ ቃል በ«ት» መጨረስ ለአፍ አይመችም፤ «ት»ው በ«ል» ተተካ። ፊት ያለው «ኤል»ም እየሳሳ ሄደና ኢሳቤል ቀረ። የጋሊሲያ ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ «ኢ»ዋን ጥለው፣ መጨረሻዋን እንደ ሴት ስም በ«ላ» ዘግተው ሳቤላ አሏት።

እኛም እኮ ኤልሳቤጥን ሳንቆርጥ አልተውናትም። ሰፈርሽ ውስጥ ስንት ኤልሳ፣ ስንት ኤልሲ ነበረች? እኛ የፊቱን ይዘን የኋላውን ጣልን። እነሱ የፊቱን ጥለው የኋላውን ያዙ። ኤልሳና ሳቤላ አንድ እንጀራ ለሁለት የተቆረሰ ነው። ለእናትሽ ይህንን በዚሁ ቃል ንገሪያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

«ቆንጆ» የሚለውን ግን ተይው። ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በጋሊሲያኛ «ቤላ» ቆንጆ ሴት ማለት ነው፤ ስሙም በ«ቤላ» ስለሚያልቅ ጆሮ ያገናኘዋል። ሲጠሩት ያምራል፣ አማትሽም ሲያባብሏት «ሳቤላ፣ ቤላ» ቢሏት ደስ ይላል። ትርጉሙ ግን እሱ አይደለም።

ሰብለም የራሷ ሥር አላት፤ ያላንዳች ዕዳ የቆመች ስም ናት። ሰብል በግዕዝ የእህል ዛላ ነው፤ በአማርኛ እርሻ ላይ የቆመውን እህል ሁሉ እንጠራበታለን። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ የገለዓድ ሰዎች የኤፍሬምን ሸሺዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ እያስቆሙ «ሺቦሌት በል» ይሏቸው ነበር። «ሲቦሌት» ያለ ተያዘ። ያ ቃል የእህል ዛላ ማለት ነው፤ የእኛ ሰብል ዘመዱ ነው። ስለዚህ ሰብለና ሳቤላ ድምፃቸው ቢገናኝም አንዷ ከእርሻ፣ አንዷ ከመሐላ የመጡ ናቸው። እናትሽ የተሳሳቱት በጆሮ ብቻ ነው። በስልክ፣ ያውም መስመሩ በሚቆራረጥበት፣ ማንም ይሳሳታል።

አንድ ነገር ግን ሳልጨምር አላልፍም። የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች አገራችን ሲገቡ እቴጌይቱ ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወርደው ተገናኟቸው። ፖርቱጋልኛና ጋሊሲያኛ በመካከለኛው ዘመን አንድ ቋንቋ ነበሩ፤ ዛሬም እህትማማች ናቸው። በአማትሽ ቋንቋ እህት የሚናገር ሰው ሰብለ የሚለውን ስም ሲሰማ ይኸው አምስት ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው።

ስለ አማትሽ እናውራ። «የራሷን ስም ልትጭንብኝ ነው» ብለሻል። በእኛ አገር አያት በሕይወት እያለች ልጅን በስሟ መጥራት ብዙም ስላልለመድን ቅር ቢልሽ አይገርምም። እዚያ ግን የተለመደና የፍቅር ምልክት ነው። ከዚያም በላይ፣ ደብዳቤሽ ላይ ሳታስቢው ጽፈሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «መታወቂያዋ ላይ ኢሳቤል ነው የሚለው»። ሴትዮዋ ለምን ሁለት ስም እንዳላቸው ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

ጋሊሲያኛ በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት የሚቀኙበት ቋንቋ ነበር። ከዚያ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ከጽሕፈት ወጣ። ሰው እቤቱ ይናገረዋል፤ ቄሱና ጸሐፊው ግን መዝገቡን በካስቲሊያ ስፓኒሽ ይጽፋሉ። ሕዝቡ ራሱ ያንን ዘመን «የጨለማ ምዕት ዓመታት» ይለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እነ ሮሳሊያ ደ ካስትሮ በጋሊሲያኛ ግጥም ማሳተም ሲጀምሩ፣ ቋንቋው ቀና አለ። ከዚያ የስፔኑ አምባገነን ጄኔራል ፍራንኮ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ልጅን በመንግሥት መዝገብ ከካስቲሊያ ስፓኒሽ ውጭ በሌላ የአገሪቱ ቋንቋ ስም ማስመዝገብ ተከለከለ። ሳቤላ ብሎ የመጣ አባት ኢሳቤል አስጽፎ ተመለሰ። ክልከላው የተነሣው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ በ1977 በወጣ ሕግ ነው።

አማትሽ ዕድሜያቸው ስልሳ ይሁን ሰባ አልነገርሽኝም። ሃምሳን ያለፈ የጋሊሲያ ሰው ሁሉ ግን ከዚያ ሕግ በፊት የተወለደ ነው። እናታቸው ሳቤላ ብለው ሲጠሯቸው ያደጉ ሴት፣ ትምህርት ቤት ኢሳቤል፣ ባንክ ኢሳቤል፣ ሆስፒታል ኢሳቤል። ስሙ እቤት ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር ሆኖ ቀረ። እንደ እኔ ከሆነ ይህቺ ሴት ስማቸውን ሊጭኑብሽ አልፈለጉም። ስማቸው አንድ ጊዜ በትክክል ተጽፎ ማየት ነው ያማራቸው። ኢሚግሬሽን ቢሮ ውስጥ ስሟ ተበላሽቶ የተጻፈባት ሐበሻ ይህንን ካልተረዳች ማን ይረዳዋል!

እሳቸውም ጊዜው አላለፈባቸውም። የ1977ቱ ሕግ በካስቲሊያ ስፓኒሽ ብቻ የተመዘገበ ሰው ስሙን በራሱ ቋንቋ አቻ እንዲያስተካክል ፈቅዷል፤ አሁን ያለው የሲቪል መዝገብ ሕግም ይፈቅዳል። ልጅሽን ልታስመዘግቡ የምትሄዱ ቀን አብረዋችሁ ይሂዱና ይጠይቁ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሰሞን ሳቤላ ተብለው ሲጻፉ ይታይሽ!

በዚያ አገር ለዚህ ስም ክብር የሰጡት ደግሞ አንዲት ንግሥት ናቸው። ኢሳቤል ዘአራጎን፣ እ.ኤ.አ. በ1271 የተወለዱ፣ የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዲኒስ ሚስት። ንጉሡ በዚያው በጋሊሲያና በፖርቱጋል የጋራ ቋንቋ የሚቀኝ ባለቅኔ ነበር። ንግሥቲቱ ግን የሚታወቁት በድሆች እናትነታቸው ነው። በክረምት ለድሆች የሚሰጡትን ዳቦ በልብሳቸው ሸፍነው ሲሄዱ ንጉሡ አስቆማቸውና «ምን ይዘሻል?» አላቸው፤ ሲገልጡት ጽጌረዳ ሆኖ ተገኘ ተብሎ ይተረካል። ባላቸው በ1325 ሲሞት ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር፣ ተሳልመው መጡ፤ ዘውዳቸውንም እዚያ ሰጡ። መቃብራቸው ፖርቱጋል ውስጥ፣ ኮይምብራ ከተማ ነው፤ በላዩ የተቀረጸው ምስላቸው የተሳላሚ በትር ይዟል። በ1625 ቅድስና ታወጀላቸው። ሳንቲያጎ ከቪጎ ሩቅ አይደለም። ጤናሽ ከፈቀደ ከመውለድሽ በፊት ሄደሽ እዪው፤ እናትሽ «ልጄ ተሳልማ መጣች» ብለው ያወራሉ።

አሁን ወደ ስልኩ። ከማንም በላይ እናትሽን የሚያሳምናቸው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ነው። የሚያውቁት ታሪክ ነው፤ በዚህ ዓይን ግን አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። ልጁ በስምንተኛው ቀን ሊገረዝ ሲመጣ ጎረቤትና ዘመድ ተሰበሰበ። በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ፈለጉ። ኤልሳቤጥ እንቢ አለች፤ ዮሐንስ ይባል እንጂ አለች። «ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም እኮ» ብለው ተከራከሯት። አባቱን በምልክት ጠየቁት። ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ፤ አፉም ያን ጊዜ ተከፈተ። በጎረቤት ፊት የልጇን ስም አጥብቃ የያዘች እናት ማለት ኤልሳቤጥ ናት። አንቺ ልትሰጪ የተነሣሽውም የእሷን ስም ነው።

እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ የዚያን ቀን መስመሩ ተቆርጦ ሳልጨርስልሽ ቀረሁ። ሰብለ ብለሽ ስትይ ደስታሽን አይቼ ማረም ከበደኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስሟ ሳቤላ ነው። በእነሱ አገር ኤልሳቤጥን እንዲህ ነው የሚሏት።» ከዚያ ዝም በይ። እሳቸው ይናገሩ። ትንሽ ሊከፋቸው ይችላል፤ ይክፋቸው። «ጎረቤቱን ምን ልበለው?» ካሉሽ፣ ለጎረቤት መንገር የሚቀለው ነገር ቢኖር «ኤልሳቤጥ ናት» ማለት ነው።

ሰብለንም አትጣያት። የስፔን ሕግ ለአንድ ልጅ እስከ ሁለት የተጸውዖ ስም ይፈቅዳል። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩና ከወደዳችሁት ሳቤላ ሰብለ ብላችሁ አስመዝግቧት። ካልሆነም የቤት ስም ትሁን። እኔን አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ የጠራችኝ ሌላ ማንም በማያውቀው ስም ነበር፤ ዛሬ ያንን ስም በሕልሜ እንኳ ብሰማው እነቃለሁ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የምታስነሷት ከሆነ ደግሞ ሌላ ስም ይጠብቃታል። የእኛ ልጅ ሦስት ስም ቢኖራት ማን ይደነቃል?

ለአማትሽም ሰብለን ተርጉሚላቸው። የእህል ዛላ በያቸው። የጋሊሲያ ገጠር በየግቢው ኦሬኦ የሚሉት ጎተራ አለው፤ በድንጋይ እግር ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ፣ አይጥ እንዳይወጣ በየእግሩ አናት ጠፍጣፋ ድንጋይ የተደረገበት፣ በቆሎ የሚከማችበት። የባለቤትሽ ዘመዶች ገጠር ካላቸው አንድ ሳይኖራቸው አይቀርም። ፎቶ አንሺና ለእናትሽ ላኪላቸው። የጎጃም ሰው ጎተራ ሲያይ የሰውየውን አገር ወዲያው ያውቀዋል።

አጠራሩን ደግሞ አስተምሪያቸው። ጭነቱ መሃል ላይ ነው፤ ሳ-ቤ-ላ፣ «ቤ»ዋ ጎላ ትላለች። «ብ»ዋን ከንፈር ገጥመው አይሏትም፤ ለስለስ ያደርጓታል። ልጅ ሲያቆላምጡ ደግሞ «ሳቤሊኛ» ይላሉ። ይቺን «ኛ» እንግሊዝ ቢሞት አይጽፋትም፤ ፊደል የላትም። እኛ አለን። እናትሽ ከመጀመሪያው ቀን አስተካክለው ይጠሯታል፣ አስተካክለውም ይጠልፏታል።

ማቀፊያውን ግን እንዳትፈቺው፣ ሌላም እንዳታስጠልፊ። ከሆስፒታል ስትወጡ በእሱው ጠቅልያት። ጥልፉ በላይ በኩል ይሁን፤ የሚላክላቸው ፎቶ ላይ እንዲታይ።

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ።